መርከብ ላይ ሆናችሁ ለመመለሻ በረራ ቼክ ኢን ስለማድረግ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። በአጭሩ መልሼ ልተወው ነበር። ግን እኛም ሦስት ጊዜ ከፍሎሪዳ በመርከብ ወጥተን ስንመለስ ብዙ ነገር አይተናል። እናትሽንም ይዘሽ ስለምትሄጂ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ጥያቄዋን ላላነበባችሁ፦ ከእናቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የ7 ቀን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልትሄድ ነው። እሁድ ጠዋት ማያሚ ይመለሳሉ። ወደ ደለስ የሚወስዳቸው አውሮፕላን የሚነሳው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቼክ ኢን (ለበረራው እንደሚመጡ አስመዝግቦ መሳፈሪያ ወረቀቱን፣ ቦርዲንግ ፓሱን፣ መውሰድ) የሚከፈተው ደግሞ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት፣ ባህር መሀል እያሉ ነው። የመርከቡን ኢንተርኔት መግዛት አለብኝ ወይ? ቼክ ኢን ሳላደርግ ብቀር በረራው ይሰረዝብኛል ወይ? ብላለች።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። አይሰረዝብሽም። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ አየር መንገዶች፣ አሜሪካን፣ ዴልታ፣ ዩናይትድ፣ ለአገር ውስጥ በረራ ቼክ ኢን የሚከፍቱት 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ያኔ ተከፈተ ማለት ግን ያኔ ካላደረግሽ ቀረ ማለት አይደለም። እሁድ ጠዋት ከመርከብ ወርደሽ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ በስልክሽ ማድረግ ትችያለሽ። ኤርፖርት ማሽኑ ላይም ይሆናል። የማታልፊው ገደብ ሌላ ነው፤ ሻንጣ የምታስረክቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 45 ደቂቃ ሲቀረው ማስረከብ አለብሽ።

ታዲያ ሰው ለምን ይጨነቃል? በወንበር ምክንያት ነው። ትኬቱን ስትገዢ ወንበር መርጠሽ ከነበረ ቦታሽ ተይዟል፤ ቅዳሜም አደረግሽው እሁድ ለውጥ የለውም። ቤዚክ ኢኮኖሚ የሚባለውን ርካሹን ትኬት ገዝተሽ ወንበር ካልመረጥሽ ግን ብዙ ጊዜ ወንበር የሚሰጥሽ ቼክ ኢን ስታደርጊ ነው። ዘግይተሽ ስትገቢ የተረፈው ይደርስሻል። አውሮፕላኑ ከአቅሙ በላይ ትኬት ተሽጦበት ከሆነም መጀመሪያ በፈቃዱ የሚቀር ሰው ይጠየቃል። ፈቃደኛ ከጠፋ ማን ይቅር ሲባል፣ ቼክ ኢን ያደረጋችሁበት ሰዓት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይሄ «24 ሰዓቱ እንደሞላ ዘው በሉ» የሚለው ምክር የተስፋፋው በዋናነት በሳውዝዌስት አየር መንገድ ምክንያት ይመስለኛል። እነሱ ወንበር አይመድቡም ነበር፤ ቀድሞ ቼክ ኢን ያደረገ ቀድሞ ይገባና የፈለገው ቦታ ይቀመጣል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግን እነሱም ወንበር መመደብ ጀምረዋል። ስለዚህ ድሮ የተጻፈ ምክር አንብበሽ አትደንግጪ።

እኛን ምን እንዳጋጠመን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ጉዞአችን በጁላይ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ የነበረው ልጃችንና እማዬ። ርካሹን ትኬት ገዛንና ወንበር ሳንመርጥ ቀረን። ዓርብ ሜክሲኮ ያለችው ኮዙሜል ደሴት ዋልን፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ባህር ላይ፣ እሁድ በረራ። እኔ ሁሉን አሰናድቻለሁ ብዬ ለቅዳሜ ብቻ የአንድ ቀን ዋይፋይ ገዛሁ። ስልኬንም ቼክ ኢን በሚከፈትበት ሰዓት፣ ልክ 7 ሰዓት ላይ እንዲጮህ ሞላሁት። ሲጮህ ገንዳው ዳር ነበርን። ቀና ብዬ የመርከቡን ሰዓት ሳይ 8 ሰዓት ይላል።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ኮዙሜል ያለችበት የሜክሲኮ ግዛት፣ ኪንታና ሮ፣ ከ2015 ጀምሮ ሰዓቱን እንደ ወቅቱ አይቀይርም። ማያሚ ደግሞ ይቀይራል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር ግን ማያሚ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከባችን ከማያሚ ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ስልኬ ግን ወደቡ ላይ የኮዙሜልን ሰዓት ያዘ፤ ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሳደርገው እንደያዘ ቀረ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የቀሩት የመሀል ወንበሮች ብቻ ሆነው ጠበቁኝ። አራታችንም አራት የተለያየ ረድፍ ላይ ተበተንን። ልጄ ከሁለት የማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች መሀል ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጦ፣ አንገቱን እያዞረ ሲፈልገኝ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። አንዲት ሴትዮ አይታው፣ ሳልጠይቃት ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። አንቺ ግን የሰው ደግነት እየጠበቅሽ አትሳፈሪ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ መርከብ ላይ ሳትወጪ ዛሬውኑ የወንበር ቁጥራችሁን እዪ። ከሌለ፣ ቢያንስ የእናትሽንና የልጆቹን ከፍለሽ አስይዢ። ያቺ ገንዘብ ከመርከብ ኢንተርኔት በላይ ትጠቅምሻለች። ሁለተኛው፣ ስልክሽ ላይ ሰዓቱ በራሱ እንዳይቀየር አድርገሽ ማያሚ ላይ እሰሪው። የእጅ ሰዓት ካለሽ ደግሞ ከዚያ የተሻለ የለም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ለሰባቱም ቀን መግዛት አያስፈልግሽም። አብዛኞቹ መርከቦች የአንድ ቀን ይሸጣሉ፤ ለአንድ ስልክ በቂ ነው። አንድ ትኬት ላይ ያላችሁ ከሆነ አንዱ ሰው ለሁሉም ቼክ ኢን ያደርጋል። የመርከቡ የራሱ አፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የአየር መንገዱ አፕ ግን ኢንተርኔት ካልገዛሽ በቀር አይከፈትልሽም። ያንን እንዳታምታቺው። ከዚህ በላይ የምጠነቀቀው ስልክ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ነው። መርከቡ በሳተላይት የሚሠራ የራሱ የስልክ ኔትወርክ አለው። የተለመደው ወርሃዊ ፕላናችን ያንን አይሸፍንም። ባለቤቴ አንድ ሌሊት ኤርፕሌን ሞድ ሳያደርግ ተኝቶ ከ100 ዶላር በላይ መጣብን። ሞዱን አብሪው፣ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ ለይተሽ ክፈቺ።

ኢንተርኔትም መግዛት ካልፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ። እዚህ የቀረ ወንድም ወይም ጓደኛ ያድርግልሽ። የሚያስፈልገው ባለስድስት ፊደሉ የትኬት ኮድና የተሳፋሪው የመጨረሻ ስም ብቻ ነው። እኛ በሁለተኛው ጉዞ እንዲህ አደረግን። ግን እዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ነገር አለ፣ ልብ በይ። ፈረንጅ አንድ ቤተሰብ አንድ የመጨረሻ ስም አለው። እኛ ጋ የእኔ ሌላ፣ የባለቤቴ ሌላ፣ የልጄ ሌላ፣ የእማዬ ሌላ ነው። ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ የእማዬን ሲሞክር በአባቷ ስም አስገባ፤ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ እምቢ። የእሷ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ላይ የመጨረሻ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያቷ ስም ነው፤ ትኬቱም የተቆረጠው በዚያው ነው። ደግሞ ስሙ «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ነው፤ ተያይዞ ይጻፍ ተለያይቶ አያውቅም። እኔ ባህር ላይ፣ እሱ ሜሪላንድ፤ መደዋወል የለም። ደግነቱ የልጄን ስም ሲያስገባ ተከፈተለት፤ አንድ ትኬት ላይ ስለነበርን ሁላችንንም ከዚያ ጨረሰ። አንቺ ግን ኮዱን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሰው ስም ትኬቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት። የእናትሽ ትኬት ለብቻው ተገዝቶ ከሆነማ የእሳቸውን ኮድ አትርሺ።

ቦርዲንግ ፓሱ ከደረሰሽ ስክሪንሾት አንሽው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ለእናትሽ ግን በወረቀት ያዢላቸው። ብዙ መርከቦች እንግዳ መቀበያው ዴስክ ያትሙልሻል፤ ካልሆነም ኤርፖርት ማሽኑ ላይ ይወጣል። ለምን ብትይ፣ ዊልቸር ከጠየቅሽላቸው የሚገፋቸው ሰው በሌላ ሰልፍ ይዟቸው ሊሄድ ይችላል። የሁላችሁም ፓስ አንቺ ስልክ ውስጥ ሆኖ እሳቸው ፍተሻው ጋ ባዶ እጃቸውን ቢቆሙ ይጨነቃሉ። ዊልቸሩን ለመርከቡ ለብቻ፣ ለአየር መንገዱ ለብቻ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዱ ለሌላው አይነግርልሽም።

አሁን ከቼክ ኢኑ በላይ ወደማስብበት ልምጣ፤ ቅዳሜ ማታና እሁድ ጠዋት።

ቅዳሜ ማታ ትልልቁን ሻንጣ በር ላይ አውጡ ትባላላችሁ። ሌሊት ይወስዱታል፤ የምታገኙት ጠዋት ከወረዳችሁ በኋላ ነው። እማዬ ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን፣ ከእጄ እንዳይጠፋ ብላ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣው ሥር ከታዋለች። የግፊት ኪኒኗም እዚያው። ከመተኛታችን በፊት «ፓስፖርትሽን ስጪኝ» ስላት ነው የነገረችኝ። በሩን ስከፍት ሻንጣው የለም። በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ሮጬ፣ ጫፉ ላይ ጋሪ ላይ ተጭኖ አገኘሁት። ከመርከብ ሲወረድ ኢሚግሬሽን ሰነድ ያያል፤ ኤርፖርትም ፍተሻው ጋ መታወቂያ ይጠየቃል። ስለዚህ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር በእጅ ቦርሳ። ሻንጣው በር ላይ ከመውጣቱ በፊት የእናትሽን ቦርሳ አብረሻቸው ክፈቺና በዓይንሽ እዪ።

ሻንጣው ላይ የሚታሰር ቁጥር ይሰጣችኋል፤ መውረጃ ሰዓታችሁም ከወረቀት ጋር ይመጣል። እማዬ ለብቻዋ ጎናችን ካለው ካቢን ነበረች። ወረቀቷ ላይ «7:30» ይላል። እኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጅተን በሯን ስናንኳኳ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ዳዊት እየደገመች ነው። «ገና ለ7 ሰዓት ተኩል ምን ያስቸኩላችኋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእሷ ሰዓት 7 ሰዓት ተኩል ከምሳ በኋላ ነው። በረራሽም በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 1:30 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች በቀላሉ ይምታታሉ። ለእናትሽ የመውረጃውን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትልቁ ጽፈሽ መስታወቱ ላይ ለጥፊላቸው።

የበረራሽ ሰዓት ጥሩ ነው። መርከቡ ገና ጎህ ሳይቀድ ይቆማል። ሰው ከ1 ሰዓት ግድም ጀምሮ በየተራ ይወርዳል፤ ዊልቸር ያለው ሰው ለብቻው ስለሚጠብቅ ይዘገያል። እስከ 4 ሰዓት ትወጣላችሁ። ከማያሚ ወደብ ማያሚ ኤርፖርት 8 ማይል ገደማ ነው። በጣም ቀድማችሁ እንዳትደርሱም፤ አንዳንድ አየር መንገድ ከመነሻው ከ4 ሰዓት በላይ ቀድሞ ሻንጣ አይቀበልም። ልጆችና ሻንጣ ይዞ ካውንተር ፊት መቀመጥ ያደክማል። ትኬታቸውን ከፎርት ሎደርዴል የገዙ ሰዎች ካላችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ከማያሚ ወደብ እዚያ 30 ማይል ያህል ነው። መርከባችሁ የሚመለሰው ራሱ ፎርት ሎደርዴል ከሆነ ደግሞ ኤርፖርቱ አፍንጫችሁ ሥር ነው።

አውሮፓ ያላችሁ፣ በተለይ ከባርሴሎና የምትወጡ፣ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። ራያንኤር የሚባለው ርካሽ አየር መንገድ ላይ ኦንላይን ቼክ ኢን ሳያደርጉ መቅረብ እስከ 55 ዩሮ ያስከፍላል፤ ኦንላይኑም 2 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ወንበር የገዛ ሰው ግን ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ማድረግ ይችላል። እናንተ ወንበሩን ገዝታችሁ መርከቡ ላይ ሳትወጡ ጨርሱት።

እህቴ፣ አሁን ትኬትሽን ክፈቺና የአራታችሁንም ወንበር ቁጥር እዪ። «በቼክ ኢን ጊዜ ይመደባል» የሚል ካለበት የትኛው አየር መንገድ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት አይቼ ምን ማድረግ እንደምትችይ እነግርሻለሁ። መልካም ጉዞ፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ።