ባንድ ልትመሰርቱ ላሰባችሁ ልጆች፦ እስኪ ኢግልስን ልንገራችሁ

ወጣት ሙዚቀኞች ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ «ጋሼ ባንዳችን እንዳይፈርስ ምን እናድርግ» ነው። እኔ እንግዲህ ቤዝ ጊታር አንግቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሆቴል ሰርቻለሁ ሰርግ ሰርቻለሁ ክለብ ሰርቻለሁ፣ ስንትና ስንት ባንድ ሲበተን ስላየሁ ስለመፍረስ ጠይቁኝ ብትሉኝ ይሻለኛል። ግን አንድ ባንድ አለ፣ ፈርሶም ያልፈረሰ፣ አባላቱ ተጣልተው ተካስሰው ዘፈኑ ግን እስከዛሬ ያልሞተ። የአሜሪካኖቹን ኢግልስን ማለቴ ነው። የኛ ሰው ኬኒ ሮጀርስንና ዶን ዊልያምስን ቤተሰብ አድርጎ ስለያዘ ካንትሪ ሲባል ወደነሱ ይሮጣል፣ ኢግልስ ግን ካንትሪውን ከሮክ ጋር አጋብተው ለሰፊው ህዝብ ያደረሱት ናቸውና እስቲ ትንሽ ላውጋችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ ካንትሪ ሮክን እነሱ አልፈጠሩትም። ከነሱ በፊት በርድስ የሚባለው ባንድ ግራም ፓርሰንስን ይዞ በፈረንጆቹ 1968 ሞክሮታል፣ ፖኮም ነበሩ፣ ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስም ነበሩ። ኢግልስ የመጡት 1971 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፣ ያውም አጃቢ ሆነው! ግሌን ፍራይ ከዲትሮይት፣ ዶን ሄንሊ ደግሞ ሊንደን ከምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ መጥተው ከዘፋኟ ሊንዳ ሮንስታት ጀርባ ቆመው ይጫወቱ ነበር። ከዛ ባንጆና ጊታር የሚጫወተውን በርኒ ሌደንን ከቡሪቶ፣ ቀድሞ ፖኮ የነበረውን ቤዚስት ራንዲ ማይስነርን ይዘው የራሳቸውን ጀመሩ። እናንተ «ይሄ ስታይል ተሰርቷል፣ አዲስ ነገር ካልፈጠርን» ብላችሁ የምትጨነቁት ነገር አይገባኝም፣ እነዚህ ሰዎች ሌላው የጀመረውን አንስተው በደንብ ጨረሱት፣ በቃ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ፍራይ ባንዱ ሳይመሰረት በፊት ኢኮ ፓርክ የሚባል ሰፈር ርካሽ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር፣ ከሱ ስር ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ጃክሰን ብራውን የሚባል ገና ያልታወቀ ልጅ ነበር። ፍራይ ራሱ 2013 ላይ በወጣው የባንዱ ዶክመንተሪ ላይ እንደተናገረው ጠዋት ጠዋት ከስር የሻይ ጀበናው ሲያፏጭ ይሰማዋል፣ ከዛ ፒያኖ ይጀምራል፣ ልጁ አንዷን ስንኝ ይጫወታታል፣ ይደግማታል፣ ይደግማታል፣ እስክትስተካከልለት ድረስ ወደሚቀጥለው አይሄድም፣ ከዛ ዝም ይላል፣ ጀበናው እንደገና ያፏጫል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ፍራይ ዘፈን እንዴት እንደሚሰራ የተማርኩት እዛ ወለል ላይ ሆኜ በማዳመጥ ነው ይላል። እኛ ሀገር ደግሞ አልፎ አልፎ የምሰማው «መንፈስ ሲመጣልኝ እሰራለሁ» የሚል ነው። ይምጣላችሁ፣ ግን መንፈሱ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ ያግኛችሁ!

ደግሞ ያው ብራውን ራሱ አንድ ዘፈን ጀምሮ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፍራይ «ያቺ ዘፈን ምን ደረሰች» እያለ ሲጨቀጭቀው ቆይቶ የጎደለውን እሱ ሞላለት፣ አሪዞና ውስጥ ዊንስሎው የምትባል ከተማ ማዕዘን ላይ የቆመውን ልጅ ብራውን ጽፎታል፣ ፎርድ ፒክአፕ መኪናዋን ቀዝቀዝ አድርጋ የምታየውን ሴት የጨመረው ፍራይ ነው። ይቺ «ቴክ ኢት ኢዚ» ናት፣ 1972 ላይ የባንዱ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ሆነች። የዊንስሎውን ነገር ደግሞ ስሙ፣ ከተማዋ በድሮው ሩት 66 መንገድ ላይ ያለች ናት፣ ትልቁ አውራ ጎዳና በጎን ሲያልፋት ንግዷ ቀዘቀዘ፣ 1999 ላይ ለዛች አንድ መስመር ብለው ማዕዘን ላይ ጊታር የያዘ ሰው ሀውልት ያለበት መናፈሻ ከፈቱ፣ እስካሁን ሰው ከሩቅ እየመጣ ፎቶ ይነሳበታል። ብራውን «የኔ ዘፈን ነው አትንካብኝ» ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም ማለት ነው።

የመጀመሪያ አልበማቸውን ለንደን ሄደው ነው የቀዱት፣ ፕሮዲውሰራቸው ግሊን ጆንስ ነበር፣ እነ ሮሊንግ ስቶንስን የቀዳ ሰው። መጀመሪያ ሲሰማቸው ብዙም አልተደነቀም፣ ሮክ ሲጫወቱ ከሌላው አልተለዩበትም፣ በኋላ በቦክስ ጊታር ብቻ አራቱም አንድ ላይ ሲዘፍኑ ሰማና ሀሳቡን ቀየረ። እዚህ ጋር ነው እኔ የምጮኸው። እኛ ጋር አንድ ድምጻዊ ፊት ይቆማል፣ ከኋላ ተቀባዮች አሉ፣ ተቀባይ ማለት ደግሞ ክፍያው ያነሰ ማይኩ የደከመ ሰው ማለት ሆኗል። ኢግልስ ውስጥ ሁሉም ድምጻዊ ሁሉም ተቀባይ ነው፣ ዛሬ ሄንሊ ቢመራ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ቀጥሎ ማይስነር ይመራል ሄንሊ ይቀበላል። ከሾው በፊት ስቴዲየሙ ሻወር ቤት ውስጥ ገብተው፣ ግድግዳው ድምጽ ስለሚመልስላቸው፣ «ሰቨን ብሪጅስ ሮድ»ን ያለምንም መሳሪያ እየዘፈኑ ነበር የሚያሟሙቁት፣ በኋላ መድረኩንም በሷ መክፈት ጀመሩ። እናንተም ድምጽ የሚያቃናውን ኦቶቲዩኑንም ድምጽ የሚያስተጋባውን ሪቨርቡንም አጥፉና አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተያይታችሁ ዝፈኑ፣ ማን ከቃና እንደሚወጣ ያኔ ይታወቃል።

«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ላይ የደረሰውን ደግሞ ጊታሪስቶች በተለይ ስሙኝ። ዶን ፌልደር፣ 1974 ላይ የተቀላቀላቸው ጊታሪስት፣ ማሊቡ ባህር ዳር በተከራየው ቤት ኮርዱንና ጊታሩን በካሴት ቀድቶ ሰጣቸው። ስቱዲዮ ሲገቡ መጀመሪያ ኢ ማይነር በሚባለው ቃና ሞከሩት፣ ለሄንሊ ድምጽ ስላልሆነ እየፈለጉ ቢ ማይነር ላይ ቆሙ፣ እናንተ ካፖ (የጊታሩን ክሮች የሚጫነውን ማሰሪያ) ሰባተኛው ፍሬት ላይ የምታስሩት ለዚህ ነው። ማያሚ ስቱዲዮ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለው ሶሎ ጋ ሲደርሱ ፌልደርና ሌላኛው ጊታሪስት ጆ ዋልሽ እንደመጣላቸው መጫወት ጀመሩ፣ ሄንሊ አስቆማቸው። ዲሞው ላይ፣ ያ መጀመሪያ የሰጣቸው ካሴት ላይ፣ እንዳለው ካልሆነ አለ! ዲሞው ግን ሎስ አንጀለስ ቤት ነው ያለው፣ ፌልደር የረሳውን የራሱን ሶሎ ለማግኘት ለቤት ሰራተኛው ደውሎ ካሴቱን ፈልጋ ስልኩ አጠገብ እንድታጫውተው አደረገ፣ በስልክ እየሰማ ራሱን መልሶ ተማረ። ሄንሊ ድርቅ ያለ ሰው ነው፣ ከሱ ጋር መስራት የሚያታክት ይመስለኛል፣ እዚህ ላይ ግን ልክ ነበር፣ ሶሎው ዛሬ ሰው በአፉ የሚያዜመው እንደ ግጥም የተሰራ ስለሆነ ነው።

ጠቡን ደግሞ አልደብቃችሁም። ሌደን 1975 ላይ ፍራይ ራስ ላይ ቢራ ደፍቶበት ባንዱን ተሰናበተ (ባንጆውም አብሮ ሄደ፣ እኔ እሱን ነው የማዝነው)። ማይስነር «ቴክ ኢት ቱ ዘ ሊሚት» መጨረሻ ላይ ያለችውን ከፍታ በየምሽቱ ማውጣት አስጨንቆት 1977 ላይ ከፍራይ ጋር ተጣልቶ ወጣ። 1980 ሎንግ ቢች ላይ ፍራይና ፌልደር መድረክ ላይ እየዘፈኑ በየዘፈኑ መሀል ስንት ዘፈን እንደቀራቸው እየቆጠሩ ከዛ በኋላ እደበድብሀለሁ ሲባባሉ አመሹ፣ በቃ ተበተኑ። የሚገርመው ከዛ በኋላ የወጣውን የላይቭ አልበም ድምጽ ሲያስተካክሉ ፍራይ ሎስ አንጀለስ ሌሎቹ ማያሚ ሆነው ቴፑን በፖስታ እየተላላኩ ነው። ፊት ለፊት መተያየት አስጠልቷቸው ሀርመኒው ግን እንዲበላሽ አልፈለጉም፣ እስቲ አስቡት።

ታረቁ የሚባለው 1994 ላይ ነው፣ የናሽቪል ካንትሪ ዘፋኞች ተሰብስበው የነሱን ዘፈኖች እንደገና ዘፍነው 1993 አልበም ካወጡ በኋላ፣ ከዘፋኞቹ አንዱ ትራቪስ ትሪት «ቴክ ኢት ኢዚ»ን ለዘፈነበት ክሊፕ ሰብስቧቸው ተገናኙ። ግን ሲመለሱ ብር ላይ ሌላ ነገር መጣ፣ ፍራይና ሄንሊ ከሌሎቹ የበለጠ ድርሻ አሉ፣ ፌልደር አኮረፈ፣ 2001 ላይ አባረሩት፣ ከሰሳቸው፣ 2007 ላይ ከፍርድ ቤት ውጪ ጨረሱ። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም፣ ግን «በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ባንድ መስርተው የሚያውቁ ነው የሚመስለኝ። ዜማው የማን ነው፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ የባንዱ ስም የማን ነው፣ አንድ ሰው ቢወጣ ምን ይዞ ይወጣል፣ ይሄን ብር ሳይኖራችሁ ገና ስትዋደዱ ጻፉና ፈርሙ። ጓደኛሞች ነን የሚለው ወረቀት አይሆንም።

ዘፈኑስ ምን ሆነ ካላችሁ፣ 1976 ላይ የወጣው የምርጥ ስራዎቻቸው ስብስብ 2018 ላይ አሜሪካ ውስጥ 38 ሚሊዮን ኮፒ ተቆጥሮለት የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አልፎ አንደኛ ሆነ። ፍራይ 2016 አረፈ፣ ሄንሊ መጀመሪያ አበቃ አለ፣ በኋላ የፍራይን ልጅ ዲከንንና ቪንስ ጊል የሚባለውን የካንትሪ ጌታ ይዘው ቀጠሉ። ቪንስ ጊል የመጣው በነሱ ሙዚቃ ተነክቶ ካደገ ትውልድ ነው፣ ዛሬ ናሽቪል የሚወጣው ካንትሪ ግማሹ ከድሮው ካንትሪ ይልቅ እነሱን ነው የሚመስለው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። ሀያሲዎች ሲበዛ የተወለወለ ሙዚቃ ነው ብለው ድሮ ይሰድቧቸው ነበር፣ «ዘ ሎንግ ራን» የሚለው አልበማቸው ላይ እስማማለሁ፣ ደክሟቸዋል፣ የቀሩት ላይ ግን አልስማማም።

ለመስማት የምትፈልጉ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሩ፣ ከዛ «ዴስፐራዶ»ን፣ ስትወጣ ብዙም አልተሸጠችም፣ ስሟን የያዘው ዘፈንም ነጠላ ዜማ ሆኖ አልወጣም፣ ዛሬ ግን የማያውቀው የለም። ቤዚስቶች ማይስነርን ብቻ ለይታችሁ ተከተሉት፣ እየዘፈነ ነው የሚጫወተው። ክራር የምትመቱ ልጆች ደግሞ «ቴክ ኢት ኢዚ» ላይ የሌደንን ባንጆ ፈልጉ፣ ከስር በፍጥነት የሚሄደው ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ ያመልጣችኋል።