ስለ ፖርቱላካ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ያለችውን ምንጣፍ የመሰለች አበባ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ስሟ ፖርቱላካ ነው፣ አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ ቁመቷ 15 ወይ 20 ሳንቲም ቢሆን ነው፣ ወደ ጎን ነው የምትሄደው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዘሩን ከዘራሁ 3 ሳምንት ሆነ፣ አንድም አልወጣም። የሞተ ዘር ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አፈር አልብሰሽው ይሆን? እኔም የመጀመሪያውን እሽግ እንደ በቆሎ ቀብሬው ነው ያበላሸሁት፣ በጣም ነበር የቆጨኝ። ዘሯ ከጤፍ ያነሰች ናት፣ ብርሃን ትፈልጋለች። አፈሩን ቀድመሽ አርጥቢው፣ ዘሩን ከአንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ ላዩ ላይ በትኚው፣ በመዳፍሽ ጫን ጫን አርጊው፣ በቃ። ከዛ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ሸፈን አርጊበት፣ ምክንያቱም ዘሯ ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ነው የምትወደው፣ የኛ ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቡቃያው ብቅ ሲል ፌስታሉን አንሺ። ውሃ በስፕሬይ ብቻ፣ በጆግ ካፈሰስሽ ዘሩን ጠራርጎ አንድ ጥግ ነው የሚከምረው።

ጥያቄ፦ መቼ ልዝራ?

መልስ፦ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ታብባለች፣ ክረምቱ እስኪገባ ታደምቅልሃለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን በፍጹም፣ ዝናቡ ያበሰብሳታል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ትችለዋለች?

መልስ፦ እትዬ፣ እሷ እኮ ለእንደዚህ አይነት ቤት የተፈጠረች ናት! ቅጠሏን በጣትዎ ጫን ቢያደርጉት ወፈር ያለ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለ። ካደገች በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃታል፣ አፈሩን በጣትዎ ነክተው ደርቆ ካላገኙት አያጠጧት። ከጥማት ይልቅ ብዙ ውሃ ነው የሚገድላት፣ ስንት ሰው አዝኖላት እያጠጣ እንደገደላት አይቻለሁ። ጀሪካን ቆርጠው ከተከሉ ታቹን በደንብ ይብሱት።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ዋልካ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ አይሆናትም። ቀይ አፈርና አሸዋ እኩል በእኩል። ፍግ አታብዛ፣ ቅጠል ብቻ ትሆንብሃለች።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ በረንዳዬ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ አበባዋም ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ታማብኝ ይሆን?

መልስ፦ መዝጋቷስ ጸባይዋ ነው ወንድሜ፣ ረፋድ ላይ ትከፍታለች፣ ፀሐይ ስትበርድ ትዘጋለች፣ ደመና ከሆነ ጭራሽ ላትከፍትም ትችላለች። በረንዳው ግን ያስቸግርሃል፣ በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ምንም አያገኝም፣ እሷ ደግሞ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ትፈልጋለች። አሊሰም የምትባለዋን ሞክር፣ እሷም አጭርና ተንሰራፊ ናት፣ ነጭ አበባዋ ማር ማር ይሸታል፣ ብርድም ትንሽ ጥላም ትችላለች።

ጥያቄ፦ ዘሯን እንዴት ልልቀም?

መልስ፦ ይሄን ስራ በጣም ነው የምወደው። አበባዋ ከረገፈች በኋላ የምትቀረው ትንሽ ፍሬ ስትደርቅ አናቷ ልክ እንደ ሞሰብ ክዳን ብድግ ይላል፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ዘር ሞልቷል። ነፋስ ሳይቀድምሽ ስሩ ወረቀት ይዘሽ ዘንበል አርጊው። ድርብ አበባ (የአበባ ቅጠሏ የተደራረበ) ካላት ተክል ዘር ነጠላም ሊወጣ ስለሚችል ያችኑ ድርቧን ከፈለግሽ ጫፏን የጣት ያህል ቆርጠሽ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰኪያት፣ ቶሎ ስር ትሰዳለች። እኔ የዘንድሮውን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፣ ልደታ አካባቢ ያላችሁ የካቲት ሳያልፍ ብቅ በሉና ውሰዱ።