ትንሿን የካምፕ ምድጃ ስትመርጡ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ልጆቹን ይዞ እዚህ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ሊያድር ነው። «የትኛውን ግሪል ልግዛ?» አለኝ። «ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት። «ጥብስ ነዋ! ጠዋት ደግሞ ቡና።» ምርጫው እዚያው ላይ አለቀ። ብዙዎቻችን ግን ሱቅ ስንገባ ይህን ጥያቄ ራሳችንን አንጠይቅም። የሚያብረቀርቀውን ወይም ቅናሽ የተለጠፈበትን አንስተን እንወጣለን።

ቨርጂኒያ ስኖር 20 ዓመት አልፎኛል። በጋ በመጣ ቁጥር ድንኳን ጭነን እንወጣለን። በእነዚህ ዓመታት ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

እዚህ አሜሪካ ሱቅ የተደረደሩት ትንንሽ ግሪሎች የታሰቡት ለሀምበርገርና ለሆት ዶግ ነው። ሥጋው ፍርግርጉ ላይ ይጋደማል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ መካከለኛ ሙቀት ይበቃዋል። የእኛ ጥብስ ሌላ ነው። በመጥበሻ ነው የሚሠራው። መጥበሻው በደንብ ካልጋለ ሥጋው ውኃ ያወጣና ይቀቀላል። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ከመጥበሻው ሥር ተሰብስቦ የሚነድ ኃይለኛ እሳት ነው። ሰፊ ፍርግርግ አይደለም።

ከሰል ከመረጣችሁ ዌበር ኩባንያ የሚሠራት ስሞኪ ጆ የምትባለው ክብ ምድጃ ጥሩ መነሻ ናት። ስፋቷ 14 ኢንች ነው። ቀላል ናት፣ ክዳን አላት፣ የአየር ቀዳዳዎቿ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር የአየር ቀዳዳው ነው። አየሩን መቆጣጠር የማይቻልበት ምድጃ እሳቱንም መቆጣጠር አይቻልበትም። ሌላዋ ሂባቺ የምትባለው ናት። ካስት አይረን ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራችው ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ምድጃ ትቀርባለች። ፍሙና መጥበሻው ይቀራረባሉ፣ ብረቱም ሙቀት ይይዛል። ግን ትከብዳለች፣ ካላደረቃችኋት ትዝጋለች፣ ስትግል ውኃ ካፈሰሳችሁባት ደግሞ ልትሰነጠቅ ትችላለች። በመኪና ለሚሄድ ሰው ክብደቱ ግድ የለም።

ከላሜራ የተሠሩትን እየተጣጠፉ ቦርሳ የሚገቡ ርካሾች አልመክርም። ሁለት ሦስት ጊዜ እሳት ሲያዩ ይጣመማሉ። እግራቸው ይላላል። ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታ የሚወላወል እሳት ይዞ መቀመጥ ጥሩ አይደለም።

ጋዙን በተመለከተ አንድ ስህተት ሠርቼ ተምሬበታለሁ። ብዙዎቻችን ቤት የምትገኝ ጠፍጣፋ የጠረጴዛ ምድጃ አለች። ረዘም ያለ ጣሳ የሚመስል የቡቴን ጋዝ የሚገባባት። ቤት ውስጥ ቡና ስናፈላባት እንከን የላትም። በጥቅምት መጨረሻ እሷን ይዤ ሸናንዶዋ ውስጥ ያለው ቢግ ሜዶውስ የተባለ የካምፕ ቦታ ወጣሁ። ቦታው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ጠዋት ለኩሼ ጀበናውን ጣድኩ። እሳቱ ሰማያዊ ክር መሰለ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ውኃው ለብ አለ እንጂ አልፈላም። ባለቤቴ ጣሳውን ብብቷ ሥር አድርጋ አሞቀችው፣ ትንሽ ተሻለና መልሶ ደከመ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቡቴን ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጥ ያቅተዋል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ተራራ ለምትወጡ፣ በመጸውም ለምትሄዱ፣ ባለ 1 ፓውንዷን አረንጓዴ የፕሮፔን ሲሊንደር የሚቀበል ምድጃ ግዙ። 10,000 ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) የሚል ምድጃ በሙሉ ኃይሉ ከነደደ አንዷ ሲሊንደር ሁለት ሰዓት ያህል ትሄዳለች። ለሁለት ሌሊት ሁለት ሲሊንደር ያዙ።

በምዕራቡ በኩል ያላችሁ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ጋዝ ለእናንተ ግዴታ ሊሆን ይችላል። በድርቁ ወራት የእሳት እገዳ ሲታወጅ ከሰል ይከለከላል። ማጥፊያ ቁልፍ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ። ሥጋ ዘፍዝፋችሁ ሄዳችሁ እሳት ክልክል ነው መባል ያናድዳል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ሁለት ነገር ነው የምይዘው። ለማታ ጥብስ ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ ለጠዋት ቡና ባለ አንድ ዓይን የፕሮፔን ምድጃ። ለምን ጠዋት ከሰል እንደማላነድ ወደ ኋላ ላይ ትረዱታላችሁ።

አሁን ወደ ማሻሻሉ እንምጣ። እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ላቀች ምድጃን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከላሜራው ውስጥ የሸክላ ሽፋን አላት። ሸክላው ሙቀቱ በጎን እንዳያመልጥ ያደርገዋል፣ ፍሙም ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ከሰል የምትቆጥበው ለዚህ ነው። የስሞኪ ጆ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ፍሙ ሰፊ ቦታ ላይ ይበተንና ከመጥበሻው ይርቃል። መፍትሔው ፍሙን መሰብሰብና ከፍ ማድረግ ነው። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ከሃርድዌር ሱቅ ስስ የእሳት ጡብ ገዛሁ። ምድጃ ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ። ሁለቱን በጎናቸው አቁሜ ከታችኛው ፍርግርግ ላይ ትይዩ አስቀመጥኳቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የመጥበሻዬን ቂጥ ያህላል። ከሰሉ እዚያ መሐል ተቆልሎ ይነዳል። ቀድሞ ሙሉ ምድጃ ከሰል የሚፈጀው ጥብስ አሁን በግማሹ ይደርሳል። ተራ ጡብ ወይም ከወንዝ ዳር ያነሳችሁትን ድንጋይ ግን እንዳትጠቀሙ። እርጥበት በውስጡ ከያዘ ሲግል ይፈነዳል።

ለጀበናው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቂጡ ክብ የሆነ ጀበና ፍርግርግ ላይ አይቆምም። ያዘነብላል። ቤት ማቶት አለን፣ እሳት ላይ ግን የሣር ማቶት አይሆንም። ስለዚህ የብረት ማቶት ፈለግኩ። የእስያ ሸቀጥ መደብር ውስጥ አገኘሁት። ቻይናዎቹ ክብ ቂጥ ያለውን መጥበሻቸውን ዎክን የሚያስቀምጡበት የብረት ቀለበት ነው። ትንሹ ልክ የእኛን ጀበና ይዞ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የጋዝ ምድጃውም ላይ ይሆናል። ሸክላው እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ እሳቱን ቀንሱ፣ ጀበናው ሲሞቅ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ነፋስ ካለ ሦስት ወገኑን በታጣፊ ላሜራ ከልሉት። ሲሊንደሩን ግን ከላሜራው ውጭ አድርጉት። ጋዙ መሞቅ የለበትም።

ብረት ስትመርጡ አደራ። ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው፣ እሳት ውስጥ አይግባ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። የድሮ ፍሪጅ መደርደሪያንም ፍርግርግ አድርገው የሚጠቀሙ አይቻለሁ። አታድርጉት። አንዳንዶቹ ካድሚየም በሚባል መርዛም ብረት የተለበጡ ናቸው። ተራ ያልተለበጠ ብረት ወይም ስቴንለስ ስቲል ይሁን። አዲስ ምድጃም ሆነ አዲስ ቀለበት መጀመሪያ ባዶውን አንድ ሰዓት ይንደድ፤ የፋብሪካ ዘይቱ ይቃጠል።

ማቀጣጠያውን በሁለት ቃል ልጨርስ። የነዳጅ ሽታ ያለውን ፈሳሽ ተዉት፣ ሥጋው ላይ ይቀራል። ቺምኒ የምትባለውን የላሜራ ቱቦ ግዙ። ከሥሯ ወረቀት፣ ከላይዋ ከሰል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፍም ይሆናል፣ ማራገብም እፍ ማለትም የለም። እስራኤል ያላችሁ ማንጋል የሚባለውን የከሰል መጥበሻ ምድጃ ስታነዱ በካርቶን ማራገቡን ከወደዳችሁት ግን አልከለክላችሁም። ከሰሉ ደግሞ የተፈጨና የተጠፈጠፈው ሳይሆን ላምፕ የሚባለው፣ እንጨትነቱ የሚታየው ይሁን። ያ የእኛው ከሰል ነው። ቶሎ ይግላል፣ አመዱም ጥቂት ነው።

አሁን የምለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አገር ቤት ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል። ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ፣ ወደ ቤት ይገባል። «አሁን ጭስ የለውም» ይባላል። ሁላችንም በዚህ አድገናል። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ፍሙ ደህና ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ የሞተ ሲመስልም ይወጣል። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶቻችን በጣሪያውና በግድግዳው መሐል ክፍተት ነበራቸው፣ በሩም ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ያም ሆኖ ከሰል ያፈነው ሰው ስንት ነው። ዚፑ የተዘጋ የናይለን ድንኳን ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ማታ ዝናብ ጣለብን። አብረውን የመጡ ባልና ሚስት ሕፃን ልጅ ነበራቸው። ልጁ በረደው ብለው ምድጃዋን ከእነ ፍሟ ድንኳናቸው በር ላይ፣ ከዝናብ መከለያው ሥር አስገቧት። ሳይ ደነገጥኩ። አንስቼ ዝናቡ ላይ አወጣኋት። ባልየው ተቆጣኝ፣ «ፍም እኮ ነው፣ አይጨስም» አለኝ። እኔም ሳላስበው ጮህኩበት። ልጁን ወስደን የእኛ መኪና ውስጥ አሞቅነው። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ድንኳን ውስጥ፣ የድንኳን በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ካቢን ውስጥ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ አይግባ። ብርዱን ብርድ ልብስና ወፍራም ካልሲ ይችሉታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የማይታወቅ ድካም ከመጣባችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ፣ 911 ደውሉ። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ደወል ሱቅ አለ። ግዙት።

አሁን ደግሞ ፍሙን ወደ ማጥፋቱና ወደ አመዱ እንምጣ። ሸናንዶዋ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። ምግብና የማብሰያ ዕቃ ሌሊት መኪና ውስጥ ተቆልፎ ማደር አለበት። ስብ የነካው ምድጃ ደግሞ ለድብ ማዕድ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የጋለ ምድጃ መኪና ውስጥ አይገባም፣ ደጅም አያድርም። መውጫው ሰዓቱን ማስተካከል ነው። እኔ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከሰሉን አቀጣጥላለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ በልተን እንጨርሳለን። ያኔውኑ ክዳኑንና የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ እዘጋለሁ፣ ፍሙ አየር አጥቶ ይከስማል። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ የቀረውን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ገልብጬ ውኃ አፈስበታለሁ፣ በዱላ አማስላለሁ፣ እንደገና አፈሳለሁ። በመጨረሻ የእጄን ጀርባ አስጠጋለሁ። ሙቀት ከተሰማኝ አልጨረስኩም ማለት ነው። አመድ የለበሰ ፍም እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ከሰል የማላነደውም ለዚህ ነው። ድንኳን ነቅለን ስንነሳ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አይኖረውም።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቤት ሞክሩት። ግን አፓርታማ በረንዳ ላይ አይሁን። በብዙ ከተሞች የከሰል እሳት ከሚቃጠል ግድግዳ 10 ጫማ መራቅ አለበት፣ አከራያችሁም ሊከለክል ይችላል። ሰፈር ያለ መናፈሻ ውስጥ እሳት የተፈቀደበት ቦታ ፈልጉ። አንድ ኪሎ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ይዛችሁ ውጡ። መጥበሻው ላይ የውኃ ጠብታ ጣሉ። እየዘለለ ከጠፋ ሥጋውን ጨምሩ። ዝም ብሎ ከተንተከተከ ፍሙ ገና ነው፣ ጡቦቹን ትንሽ አቀራርቧቸው።