ከድንጋዩ ጋር የገቡ ደባሎች፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ሪፍ፦ ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ። ወደ ጨው ውሃ የዓሣና የኮራል ገንዳችሁ፣ ከላይቭ ሮክ (ሕይወት ካለበት የባሕር ድንጋይ) እና ከኮራል ጋር ተደብቆ ስለገባባችሁ ፍጥረት ጠይቁ። ፎቶ ይኑረው። አስቀድሜ ግን፦ ፍጥረቱን አትቁረጡ፣ ድንጋይ አትቀቅሉ።

ባለ 200 ሊትር፦ ጋሼ፣ ድንጋዬ ላይ ትንንሽ ዘንባባ የሚመስሉ ቡናማ ነገሮች በቀሉ። ስነካቸው ሽልክ ብለው ይሸሸጋሉ። ትናንት ሁለቱን በምላጭ ፋቅኋቸው።

ጋሽ ሪፍ፦ ፋቅካቸው? በል ሁለቱ ሃያ ሆነው እስኪመጡ ጠብቅ። አይፕቴዥያ ነው፤ ኮራል የሚለበልብ ትንሽ የባሕር አኒሞን። ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለች። ጥቂት ከሆኑ ካልክዋሰር (ለገንዳ የሚሆን የኖራ ዱቄት) ወፈር አድርገህ በጥብጥ። ፓምፑን አጥፋና በሲሪንጅ አፉ ላይ ቀስ ብለህ ጣል፣ ሳይደነግጥ። በአንድ ቀን አታብዛ፣ ፒኤቹ ያሻቅባል። ገንዳውን ከወረረው ቤርጊያ ፈልግ። ዛጎል የሌለው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከአይፕቴዥያ ሌላ አይበላም። ምግቡ ሲያልቅ ይሞታል፣ ስለዚህ ቀድመህ ለጓደኛ አስተላልፈው። ፔፐርሚንት ሽሪምፕም አይፕቴዥያን ይበላል፤ አንዳንዱ ግን ዞር ብሎም አያየው። ስትገዛ ከካሜል ሽሪምፕ ለየው። ካሜሉ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ቀይ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ነው። እኔ አንዴ ተሸውጄ ዞዋ የሚባሉትን ኮራሎቼን አስበልቻለሁ።

ሌሊት ወፍ፦ ማታ በባትሪ ሳይ ፀጉራም ትል አየሁ። ምን ልጨምርበት?

ጋሽ ሪፍ፦ ምንም። ብሪስትል ዎርም ነው፣ የጽዳት ሠራተኛህ ነው። ከበዛ ምግብ እያበዛህ ነው። በባዶ እጅ አትንካው፣ እንደ ሳማ ይለበልባል።

ጀማሪው፦ ገንዳዬ ውስጥ የሆነ ነጭ ነገር አለ። መጥፎ ነው?

ጋሽ ሪፍ፦ ነጭ ምን? እግር አለው? ይሄዳል? ፎቶ!

ባለ ናኖ፦ አረንጓዴ ፊኛ የመሰለች አልጌ አለችኝ። ላፈንዳት?

ጨው ውሃ፦ እንዳትሞክር! ዘሯ ይበተናል።

ባለ ናኖ፦ ሌላው ገንዳዬ ላይ ሦስት ዓመት አፈንድቻለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ጨው ውሃ፦ ታዲያ ለምን ትጠይቃለህ? አልጌዋን የሚበላ ኤመራልድ ክራብ (ሸርጣን) አስገባ።

ሌሊት ወፍ፦ ክራብ ይታመናል እንዴ? የኔው ሲርበው ኮራል ላይ ወጣ።

ጋሽ ሪፍ፦ ልጆች፣ ተዉ! ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ፣ ከሥሯ ንቀሏት። አለቀ።

ጀማሪው፦ ድንጋዩን ቀቅዬ ሁሉንም ብገላገልስ?

ጋሽ ሪፍ፦ ከላይ ምን ብዬ ነበር? አንዳንድ ዞዋና ዘመዱ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ሲቀቀል በእንፋሎቱ ወደ ሳንባ ይገባል። በዚህ ሳቢያ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሆስፒታል ገብቶ ያውቃል። በብሩሽ ስትፈትግ ዓይንህ ውስጥ ቢረጭም ጉድ ነው። ጓንትና መነጽር አድርግ። ከሁሉም የሚሻለው መጀመሪያውኑ አለማስገባት ነው። በደረቅ ድንጋይ ጀምር። ኮራል ስትገዛ ዲፕ አድርገው፣ ማለትም ተባይ ማጥፊያ ባለበት ውሃ ንከረው። ዲፕ ግን እንቁላል አይገድልም፤ የመጣበትን መቀመጫም ቀይርለት። እኔ ስድስት ሳምንት ለብቻው አቆያለሁ። ሚስቴ ሳሎኑ ሆስፒታል መሰለ ትላለች።

ባለ ክራብ፦ ማታ ማታ ገንዳው ጠቅ ጠቅ ይላል።

ጋሽ ሪፍ፦ ፒስቶል ሽሪምፕ ከሆነ ተወው። ቀንድ አውጣዎችህ ዛጎላቸው ተሰብሮ ከተገኘ ግን ማንቲስ ሽሪምፕ ጠርጥር፤ ወጥመድ አስቀምጥ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። አይፕቴዥያን በመቀስ ብቆርጠውስ?

ጋሽ ሪፍ፦ ደህና እደሩ።