አረቄ በድንገት ሲቋረጥ

ጥያቄ፦ አባታችን የ58 ዓመት ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከማለዳ ጀምሮ በየቀኑ አረቄ ሲጠጡ ኖረዋል። በዐቢይ ጾም መግቢያ «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብለው ተዉት። በማግስቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር፤ በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ከሌሉ ሰዎች ጋር ያወሩ ነበር። ጎረቤቶች «መንፈስ ነው» አሉን። መልሰው መጠጣት ሲጀምሩ ቀስ በቀስ ተረጋጉ። አሁን በፍልሰታ ዳግመኛ ሊተዉ አስበዋል። ምን እናድርግ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የአባታችሁ ውሳኔ የሚደገፍ ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የቆየ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ያያችሁት በሕክምናው በሚገባ የታወቀ ሕመም ነው። አልኮል የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ አንጎልም ይህን ለመቋቋም ራሱን ይበልጥ እያነቃቃ ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚያቀዘቅዘው ነገር ይቀርና መነቃቃቱ ያለ ገደብ ይቀጥላል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና እንቅልፍ ማጣቱ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፤ መቃዠቱና ያሉበትን ቦታ መሳቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይመጣል። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ላይም የመደገም ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ስለ ፍልሰታው የምንሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ እስከዚያው በድንገት አያቁሙ። ባለፈው የሆነውን ሁሉ፣ የሚጠጡትንም መጠን ሳትቀንሱ ለሐኪሙ ንገሩ። «ሁለት ሦስት መለኪያ ብቻ» የሚለው መልስ ያሳስታል፤ የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ የሆነ አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ውስጥ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ሲኖረው፣ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ የሚይዘው 13 ግራም ያህል ነው። ሐኪሙ ተኝተው እንዲታከሙ ሊወስን ይችላል። ብዙውን ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት መጠኑ እየተቀነሰ ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይጨመራል፣ ምክንያቱም በብዛት የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚያንሰው የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ዳያዜፓምን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጧቸው፤ ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጸበሉን ተዉ አንልም። ከሕክምናው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና አባታችሁ እንዳይታሰሩ ብቻ ተጠንቀቁ። በሕክምናው ሰሞን ምግብና ውኃ በጣም ስለሚያስፈልጋቸው፣ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ግን ካንዘፈዘፋቸው ወይም መቃዠት ከጀመሩ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው።