ጾሙ ሲፈታ ጸሎቱ ለምን ይፈታል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ፣ ከሸዋ ሮቢት የጻፉ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ሁለት ወር ሙሉ ይዘነው የከረምነው በሁለት ሳምንት ከእጃችን ወጣ፣ እንዴት እንመለስ? ዛሬ ሰባቱን መርጫለሁ።

«በዐቢይ ጾም ሌሊት ተነሥቼ ኪዳን አድርሼ ነበር ሥራ የምገባው። ዳዊቴንም አላስታጉልም ነበር። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነሣሁም። ዳዊቱ ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። እምነቴ የጾም ብቻ ነበር ማለት ነው?» (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ አይደለም። በ55ቱ ቀን ብቻህን አልነበርክም። ደወሉ፣ ጎረቤቱ፣ ሥጋ ያልገባበት ቤት፣ ነጠላ ለብሶ በጭለማ የሚሄደው ሰው ሁሉ ይደግፍህ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ያ ድጋፍ በአንድ ሌሊት ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ እስከ ሃምሳኛው ቀን ድረስ፣ ረቡዕና ዓርብም ቢሆን አትጹሙ፣ አትስገዱ ብላ ታሳርፈናለች፤ የደስታ ወራት ነውና። እኛ ግን ዕረፍቱን ለጸሎትም አድርገን ወሰድነው። የተፈታው ጾሙ ነው፤ ጸሎቱን የፈታው ማንም የለም።

በዚህ ወቅት በየዓመቱ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን አነባለሁ። ጴጥሮስ ከሙታን የተነሣውን ጌታ አይቶታል። አይቶትም ሲያበቃ «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» ብሎ ወደ ድሮ ሥራው ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልያዘም። ሲነጋ ጌታ ባሕሩ ዳር ቆሞ አገኙት፤ ፍሙ ነድዶ፣ ዓሣው ተቀምጦ፣ እንጀራውም ቀርቦ። «ለምን ሄድክ?» አላለውም። «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ነው ያላቸው። ከበሉ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው። ይህ የሆነው በትንሣኤና በዕርገት መካከል፣ አንተ አሁን ባለህበት ወራት ነው። ስለዚህ መልሱን እዚያው ታገኘዋለህ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ። የጾሙን ሸክም እንዳለ አንሥተህ ልሸከም አትበል። እኔ አንድ ዓመት ይህን ሞክሬ ነበር። የዕለቱን ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያሙን ከነመልኩ፣ የሌሊቱን ጸሎት ሁሉ ከፋሲካ ሰኞ ጀምሮ አንድም ሳይጓደል ልያዝ አልኩ። አሥር ቀን ሳይሞላ ሁሉንም አቆምኩ። ከማቆሜ ይልቅ የጎዳኝ ኀፍረቱ ነበር፤ ስነሣ ማማተብ እንኳ እስክተው ድረስ አሸሸኝ።

አንተ ግን ምንም ቢሆን የማይቀር ነገር አለህ፤ ለሰርቪስ ትነሣለህ። ጫማህን ከማድረግህ በፊት ፊትህን ወደ ምሥራቅ አዙረህ ቁም። በስመ አብ በል። ከዚያ የዚህን ወራት ሰላምታ፦ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን፣ አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም፣ ሰላም፣ እምይእዜሰ፣ ኮነ፣ ፍሥሐ ወሰላም።» አቡነ ዘበሰማያትን አድርስ፣ ከዳዊቱ አንድ መዝሙር ድገም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ በማይኖርህ ቀን ኪዳን ሂድ። እስከ ጰራቅሊጦስ በዚህ ላይ ምንም አትጨምር፤ ልብህ ቢሞቅም አትጨምር። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ የንስሐ አባትህን አማክረህ ትጨምራለህ። ዳዊቱን ግን ዛሬውኑ ከግድግዳው አውርደው፤ ከራስጌህ ይሁን።

«ተማሪዎቼ ጸደይ መቼ ነው ይሉኛል። ሰው ሁሉ አደይ አበባ የሚፈካበትን ወራት ጸደይ ይለዋል፤ የሰፈራችን ቄስ ደግሞ አሁን ነው ጸደይ ይላሉ። ማን ልክ ነው?» (መምህርት፣ ከመሐል ሜዳ)

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቄሱ ልክ ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት። አደይ አበባው ያለበት፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ 40 ቀን የሚቆየው ዘመነ ጽጌ፣ በመጸው ውስጥ ነው የሚገኘው። በተለምዶ ያንን ጸደይ የሚል ሰውም አበባውን አይቶ ነውና አትቆጪው።

አንድ ነገር ግን ለልጆቹ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ቢለዋወጥም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። መጋቢት 26 ጸደይ የሚገባበት ቀን ነው። ስለዚህ ትንሣኤ ምንጊዜም የሚውለው በጸደይ ነው፤ በመንዝ አነጋገር በበልግ። በበጋው ደርቆ አቧራ የሆነው መሬት በበልግ ዝናብ ሲያቆጠቁጥ፣ ሣር ያጣው በሬ ቀና ሲል፣ በየካቲት የተዘራው ገብስ ሲያሸት የመንዝ ልጅ በዓይኑ ያየዋል። ከክፍል አውጥተሽ እማሳው ዳር ብታስተምሪያቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ይገባቸዋል።

«በግንቦት ልደታ ሴቶች ተሰብስበን ደጅ ላይ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ቡና እናፈላለን። ዘንድሮ አንዷ ልጄ የባዕድ አምልኮ ነው ብላ ከለከለችኝ። እውነት ነው?» (እናት፣ ከአንኮበር)

እናቴ፣ ግንቦት 1 የእመቤታችን ልደት ነው። ንፍሮ ቀቅሎ ከጎረቤት ጋር መብላት፣ እርስዋን ማመስገን፣ ለደሀ መስጠት ከደግ ሥራ ይቆጠራል፤ አይተዉት። ዛፍ ቅቤ መቀባት፣ ለዛፉ መሳል፣ ዛፉን መለማመን ግን የልጅዎ ቃል እውነት ነው፤ ያ ይቅር። በሚመጣው ዓመት ልጅዎ ውዳሴ ማርያም ታንብብላችሁ፣ እርስዎም ንፍሮውን ያቅርቡ። ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል።

«የንስሐ አባቴ ካረፉ 7 ዓመት ሆነ። ሌላ አልያዝኩም። መጀመሪያ ኀዘኑ ነበር፣ ከዚያ የንግዱ ሩጫ፣ አሁን ደግሞ የ7 ዓመት ኃጢአት ተሸክሜ ለማላውቀው ቄስ እንዴት እነግራለሁ እያልኩ እፈራለሁ። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አሁንስ እላለሁ፣ ዓመቱ ያልፋል።» (ነጋዴ፣ ከአረርቲ)

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ላረፉት አባትሽ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸውን ስለወደድሽ ሌላ መያዝ የከዳሻቸው መስሎሽ ይሆናል። እሳቸው ግን ቢሰሙ ያለ አባት መቅረትሽ ነው የሚያሳዝናቸው።

መጀመሪያ የሚከብደውን እናቅልል። ለእሳቸው ተናግረሽ ቀኖናሽን የፈጸምሽበትን ኃጢአት መድገም አይጠበቅብሽም። ያለብሽ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ሁሉን በአንድ ቀን አስታውሰሽ መጨረስም የለብሽም። ማታ ቤትሽ ገብተሽ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ መብራቱ ሥር ቁጭ በይ። መዝሙር 50ን አንብቢ፤ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን። ከዚያ በልብሽ የሚመጣልሽን በወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከተናዘዝሽ በኋላ ታቃጥዪዋለሽ። ሚዛን ያጎደልሽበት ካለ፣ ዱቤ ክደሽ ያስቀየምሽው ካለ፣ ያኮረፍሻት እኅት ካለች እሱን ቅድሚያ ስጪው። ከካህኑ በፊት ሄደሽ መመለስ የምትችዪው ገንዘብ ካለ መልሺ፤ ንግግሩ ይቀልልሻል።

ካህኑን በተመለከተ ሩቅ አትሂጂ። ወደ አጥቢያሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና የንስሐ አባት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ቅስና ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ዲያቆን ንስሐ አይቀበልም። ታዋቂ ሰባኪ አትፈልጊ፤ ቤትሽ መጥተው ጠበል የሚረጩ፣ ልጆችሽን በስማቸው የሚጠሩ፣ ስትጠፊ የሚፈልጉሽ ይሻሉሻል። ስትነግሪያቸው አታሽሞንሙኚ፣ ሌላ ሰው አትክሰሺ፣ ያደረግሽውን ብቻ ተናገሪ። የ7 ዓመት ነገር ሰምተው የሚደነግጡ እንዳይመስልሽ፤ ከአንቺ በፊት ስንቱን ሰምተዋል።

ቀኖናሽን ስትፈጽሚ መድረሻው ሥጋ ወደሙ ነው። ብዙ ሰው ንስሐውን ገብቶ ቅዱስ ቁርባኑን ለእርጅና ያስቀምጠዋል፤ እኔ በዚህ በጣም አዝናለሁ። አባትሽ ከፈቀዱልሽ ቅረቢ። በሃምሳው ቀን ጾም የለም ቢባልም ለሚቆርብ ሰው የ18 ሰዓቱ ጾም አይቀርም፤ እሱን ያዢ። የዘንድሮው ሰበብ ሳይበዛ፣ ይህን ባነበብሽ ሳምንት ሂጂ።

«ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ቅዳሴ ላይ ያለቅሳሉ፣ ሰው ይገላምጠኛል። ቤት መቅረት ጀመርኩ።» (ከደብረ ሲና)

አትቅሪ። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን የተጠመቁት፣ የቆረቡት የዚያ ቤት ልጆች ስለሆኑ ነው። በር አካባቢ ቁሚ፣ ሲብስ ወደ ቅጥሩ ውጪ፣ ሲረጋጉ ተመለሺ። ሙሉውን ባታስቀድሺም ወንጌሉ ሲነበብ ግቢ። ለሚገላምጡትም አንድ ቃል አለኝ፤ እናንተንም እናቶቻችሁ አዝለው ነው ያመጧችሁ።

«በየዓመቱ በአውቶቡስ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ እንሄዳለን። እዚያ ስሆን እሳት ነኝ። ተመልሼ ቆላዬ ስወርድ ያ ሁሉ ይጠፋል። ጉዞው ከንቱ ነው?» (ወጣት፣ ከሸዋ ሮቢት)

ከንቱ አይደለም፣ ሂድ። ሰሜን ሸዋ በቅዱሳን ስፍራ የበለጸገ ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ ስፍራ ኢቲሳ ቡልጋ ውስጥ ነው። ዐፅማቸው ከተቀበሩበት ዋሻ ወደ ደብረ ሊባኖስ የፈለሰበት በዓል ደግሞ በዚሁ ወራት፣ ግንቦት 12 ይከበራል። ልትሄድ ካሰብክ ቀኑን ያዝ።

ግን እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የአጥቢያህን ካህን ስም ታውቃለህ? ጎንህ ቆሞ የሚያስቀድሰውን ሰውስ? ከጉዞው የሚያመጣህ አውቶቡስ ቤትህ ሲያደርስህ የሚቀበልህ ማንም ከሌለ እሳቱ መጥፋቱ አይገርምም። በአጥቢያህ ሰንበት ትምህርት ቤት ግባ፣ ወይም የጽዋ ማኅበር ተቀላቀል፤ ወር በገባ ቁጥር የሚጠብቅህ ሰው ይኑር። ከጠበሉ ስትመለስም በማግስቱ በአጥቢያህ አስቀድስ።

«አባቴ 70 ዓመት አልፎታል፤ በጣርማ በር በኩል ገበሬ ነው። የዘራው የበልግ ገብስ ዝናብ አጥቶ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የፋሲካ ሌሊት ዕድሜውን ሙሉ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ዘንድሮ ቤቱ ተኝቶ አደረ። 'ምን ብዬ ልለምነው፤ ስለምነው አይደል የከረምኩት' ይላል። ምን ብዬ ላጽናናው?»

እኅቴ፣ ለማጽናናት አትቸኩዪ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው «ኃጢአት ሠርተህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው። ማንም ይህን ለአባትሽ እንዳይላቸው ጠብቂያቸው፤ ዘመድም ቢሆን፣ ካህንም ቢሆን።

ያሉት ቃል ክህደት አይደለም። ዳዊት ራሱ በ12ኛው መዝሙር «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጮኋል፤ ያንን ጩኸት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ብላ ታነበንባለች። ከዳዊቱ ቀጥሎ ከሚደገሙት ከጸሎተ ነቢያት አንዱ የዕንባቆም ነው። እርሻ መብል ባይሰጥ፣ በግ ከበረቱ ቢጠፋ፣ ላም በጋጡ ባይገኝ፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ያንን አሁን አታንብቢላቸው፤ ገና አልደረሱበትም። የ12ኛውን መዝሙር አንብቢላቸው፤ የራሳቸው ቃል ነው። ለሰንበቴው ማኅበርተኞችም ንገሪያቸው፤ ለክረምቱ ዘር የሚያበድር፣ ለእርሻው ደቦ የሚወጣ ይፈልጉላቸው። እህል ላጣ ሰው ጥቅስ ብቻ ይዞ መሄድ ደግ አይደለም።

የሚከተለውን ደግሞ እንዳለ አንብቢላቸው።

አባቴ፣ የፋሲካ ሌሊት ባለመሄድዎ አይጨነቁ። ቶማስም ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ የተገለጠ ዕለት አልነበረም፤ ሲነግሩትም አላመነም። ጌታ አልተቀየመውም። በስምንተኛው ቀን፣ ዳግማይ ትንሣኤ በምንለው ዕለት፣ በሩ እንደ ተዘጋ ዳግመኛ መጣ፤ እጁንና ጎኑን ለእርሱ አሳየው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ልጅዎ ስትነሣ ጋቢዎን ደርበው አብረዋት ይውጡ። ወደ ውስጥ መግባት ቢያቅትዎ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጡ። ምንም አይለምኑ። ቅዳሴው ከዚያ ይሰማል።