በእጅ የሚሠራ የበዓል ካርድ፦ ጠርዙና አስተጣጠፉ (ጥያቄና መልስ)

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ስለ ካርድ አሠራር የሚጠይቁኝ አንባቢያን ይበዛሉ። የዘንድሮዎቹ ጥያቄዎች በአብዛኛው በካርዱ ጠርዝ ጌጥና በአስተጣጠፉ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከአዳማ፦ የሠራሁት ካርድ ፖስታ ውስጥ አይገባም። በምን መጠን ልቁረጥ?

ኤ4 ወረቀት ለሁለት ቆርጠው ግማሹን መሀል ላይ ቢያጥፉት 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሲ6 የሚባለው ፖስታ በልኩ ይይዘዋል። መጀመሪያ ፖስታውን ይግዙ፤ ካርዱን ከዚያ ይቁረጡ።

ከመቀሌ፦ ወረቀቱን ሳጥፈው እየተሰነጠቀ ያስቸግረኛል። ርካሽ ስለሆነ ነው?

ውድ ወረቀትም ይሰነጠቃል። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እጥፋቱ ከቃጫው ጎን ለጎን ሲሄድ ወረቀቱ ይታዘዛል፤ ቃጫውን አቋርጦ ሲሄድ ግን ይሰነጠቃል። አቅጣጫውን ለማወቅ ሉሁን ሳያጥፉ በቁመቱም በወርዱም ቀስ አድርገው ያጉብጡት፤ በየትኛው በኩል ቀለል ብሎ እንደሚጎብጥ እጅዎ ይነግርዎታል፤ እጥፋቱንም በዚያው በኩል ያድርጉ። ከዚያ ማስመሪያ አስደግፈው፣ ቀለሙ ባለቀ ስክሪብቶ ጫን ብለው መስመር ያውጡ። ወረቀቱ በጀርባው በኩል አበጥ ይላል። ሲያጥፉት ያበጠው መስመር በእጥፋቱ ውስጥ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚሠራ ደግመው ያንብቡልኝ። ክብደቱን በተመለከተ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ገደማ ነው፤ ለካርድ ከ200 እስከ 300 ግራም ያለው ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ በእጅ የሚዞር ማሽንና ዳይ የሚባለውን ስስ የብረት መቁረጫ ገዛሁ። ዳንቴል የሚመስለው ጠርዝ ግን በቅጡ አይቆረጥም፤ የተቆረጠውም ከብረቱ አልላቀቅ ይላል። ለሻጩ ልመልሰው?

አይቸኩሉ። ስለታሙ የብረቱ ፊት ወረቀቱን ማየት አለበት። እንዲህ ያለ ረቂቅ ጥልፍ ያለው መቁረጫ በአንድ ጊዜ የሚችለው አንድ ሉህ ብቻ ስለሆነ ሥራ ለማፋጠን ብለው አይደራርቡበት። ያልተቆረጠ ቦታ ከቀረ ብረቱን ከወረቀቱ ላይ ሳያነቃንቁ ብረቱና ወረቀቱ በመካከላቸው ከሚገቡባቸው የማሽኑ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ከታችኛው ሥር አንድ ተራ ወረቀት ጨምረው እንደገና ያሳልፉት። ሰሌዳዎቹ ጫና ሲበዛባቸው ስለሚጎብጡ በየጊዜው ይገልብጧቸው። ለመላቀቁ ደግሞ በብረቱና በወረቀቱ መካከል በሰም የተቀባ የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ቁራጭ ያስገቡ።

ያልጠየቁኝን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው መለኪያ ነው። የካርዱን መሀል በእርሳስ ምልክት አድርገው የጥለቱን መሀል እዚያ ላይ ያሳርፉ። ከአንድ ጫፍ ከጀመሩ በስተግራ ሙሉ አበባ፣ በስተቀኝ ግማሽ አበባ ይቀራል፤ ዓይንም ሁልጊዜ ወደ ግማሹ ይሄዳል። ሁለተኛው ቀለም ነው። በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ነጩን ዳንቴል ነጭ ካርድ ላይ ለጥፈውታል፤ ያን ያህል የደከሙበት ቀዳዳ ሁሉ አይታይም። በ1840ዎቹ መጨረሻ በዎስተር፣ ማሳቹሴትስ የቫለንታይን ካርድ መሥራት የጀመረችው ኤስተር ሃውላንድ ከእንግሊዝ በሚመጣው የዳንቴል ወረቀት ሥር ባለቀለም ወረቀት ታደርግ ነበር፤ ዳንቴሉ የሚወጣው ያኔ ነው። እርስዎም የአደይ አበባ ቢጫ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ያድርጉበት።

ከሐዋሳ፦ የ8 ዓመት ልጄ ለእንቁጣጣሽ ለጎረቤት የሚሰጣቸውን ሥዕሎች እየሣለ ነው። መልአኩ ክንፉ ከወረቀቱ ጫፍ ያልፋል፤ መስመሮቹም የተንጋደዱ ናቸው። ጎረቤት ፊት እንዳያፍር ጠርዙን በዳይ ቆርጬ፣ መስመሩን በስክሪብቶ ላስተካክልለት አስቤያለሁ። የትኛው የጠርዝ ቅርጽ ይስማማል?

ምንም ዓይነት ቅርጽ የልጅዎን ሥዕል አይንካው። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ፣ ወንዶቹ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ደጅ ለደጅ ሲዞሩ፣ ጎረቤት በሩን የሚከፍተው የተስተካከለ ጠርዝ ለማየት አይደለም። የሚቀበለው ልጁ ራሱ ተቀምጦ የሠራውን ነው። አሁን አሁን ታትሞ የተዘጋጀ ሥዕል ገዝቶ ማደል እየቀለለ በመጣበት ጊዜ፣ ከእርሳሱ ጋር ሲታገል የሚውል ልጅ ቤትዎ ውስጥ አለ። እናቱ መስመሩን በስክሪብቶ ከደገመችለት በሚቀጥለው ዓመት ራሱ መጥቶ «አንቺ ሣዪልኝ» ይላል። ክንፉን ከቆረጡበት ደግሞ የሚማረው ነገር ግልጽ ነው፤ ያለቀው ሥራው እንዳላለቀ ይቆጥረዋል።

ጠርዝ ማድረግ ግን ይችላሉ፤ ጠርዙ በሌላ ወረቀት ላይ ይሁን። ከሥዕሉ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ባለቀለም ወፍራም ወረቀት ይቁረጡ። ዳዩን የሚጠቀሙት በዚህኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ሳይነካ ከነሙሉ ክንፉ መሀሉ ላይ ይለጠፋል። ኮላውን አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ጠብ ያድርጉ፤ ሥዕሉን ሁሉ ከቀቡት ወረቀቱ ይጨማደዳል። የወረቀቱን ቀለም ልጁ ይምረጥ። ማሽኑንም እርስዎ አጠገቡ ሆነው እሱ ያዙረው፤ ምላጭ ያለው ካተር ግን በእጁ አይግባ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውንም ራሱ ይጻፈው። ሑ በሁ ፋንታ ቢገባም፣ ፊደሉ ቢተልቅ ቢያንስም አያርሙት፤ ፊደል የሚታረምበት ሌላ 364 ቀን አለ።

ይህን ለእርስዎ ብቻ አልጻፍኩትም። ማሽን ከገዙ በኋላ የልጆቻቸውን ሥራ «ማሳመር» የጀመሩ ወላጆች ደጋግመው ጽፈውልኛል። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ቦታው ግን ከሥዕሉ ዙሪያ ነው።

ከጎንደር፣ ተማሪ ነኝ፦ ለመምህሬ የምሰጠው ካርድ ሲከፈት የሚያስደንቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ማሽን የለኝም።

ማሽን አያስፈልግሽም። በመስመር ተለክቶ የታጠፈ ካርድ ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። 21 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የኤ4 ግማሽ አግድም አስተኚው። በ5.25 እና በ15.75 ሴንቲ ሜትር ላይ መስመር አውጥተሽ ሁለቱን ጎኖች ወደ መሀል ብታጥፊ እንደ ሁለት መዝጊያ በር የሚከፈት ካርድ ይሆናል። ያንኑ ወረቀት በ10.5 ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በ5.25 ላይ ወደ ተቃራኒው ብታጥፊ ደግሞ ከፊት የሚቆም ደረጃ ታገኛለሽ፤ በዚህ ላይ ጌጡን የምትለጥፊው በፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በኮላ ከያዝሽው አይከፈትም።

ሲከፈት ብድግ የሚል ነገር ከፈለግሽ፣ መሀል ላይ የታጠፈውን ካርድ ከእጥፋቱ ጀምረሽ በሁለት ትይዩ መስመር ቁረጪና መሀሉን ወደ ውስጥ ግፊው፤ ሳጥን ሆኖ ይነሣል። አበባሽን የሳጥኑ ፊት ላይ ለጥፊ። አንድ ሕግ አትርሺ፤ ካርዱ ሲዘጋ ሳጥኑ የቁርጡን ርዝመት እጥፍ ስለሚሄድ፣ 10.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ገጽ ላይ ቁርጡ ከ5 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ ከካርዱ ውጭ ይወጣል። የሚለጠፈው አበባም ካርዱ ሲዘጋ ከጫፉ እንዳያልፍ ለኪው።

ከአዲስ አበባ፦ በብራና መጻሕፍት ላይ ያለውን ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ የካርድ ጠርዝ ላደርገው እፈልጋለሁ። ዳዩ ከየት ይገኛል?

ዳይ ፍለጋ አይድከሙ፤ በካተር ይቁረጡት። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና ስብስብ አለው፤ እዚያ ጠይቀው ሐረጉ እንዴት እንደተጠላለፈ በዓይንዎ ይዩ። የጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጻሕፍት ሐረግ በተለይ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጥልፍልፉ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ቀለምና ወረቀት የተለያየ ሕግ ያላቸው መሆኑ ነው። በቀለም የተሣለ መስመር ብቻውን መቆም ይችላል፤ ከወረቀት ሲቆረጥ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር በሆነ ቦታ መያያዝ አለበት፣ አለዚያ ረግፎ ይወድቃል። በእርሳስ ሲነድፉ መስመሮቹ በሚተላለፉበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መያዣ ይተዉ። ከትናንሾቹ ቀዳዳዎች ይጀምሩ፤ የውጪውን ጠርዝ መጨረሻ ላይ ይቁረጡ። ጠርዙ ቀድሞ ከተቆረጠ ወረቀቱ ይላላና እጅ ያስታል።

ከአዲስ አበባ፦ ለአንድ ሠርግ 200 ካርድ ተቀብዬ እየቆረጥኩ ነው። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና መሀል ጣቴ ሌሊት ደንዝዘው ያነቁኛል። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ?

እህቴ፣ እንቅስቃሴ አልነግርሽም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በእነዚህ ጣቶች ላይ ሌሊት የሚመጣ መደንዘዝ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ይሁን አይሁን የሚያውቀው መርምሮ የሚያይሽ ሰው ብቻ ነው። ችላ ከተባለ የአውራ ጣትን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል፤ አንቺ ደግሞ በዚህ እጅ ነው የምትኖሪው። «ሠርጉ ይለፍና» አትበዪ። የቀረውን ቆረጣ ለሌላ ሰው አካፍዪ፣ ለደጋሾቹም ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ካርድ ለመሸጥ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

የወረዳዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ከዱባይ፦ ጥቁር ወረቀት ላይ በምን ልጻፍ?

በነጭ ጄል ስክሪብቶ። ካላገኙ ከካርዱ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ነጭ ወረቀት ውስጡ ይለጥፉና በሰማያዊ ስክሪብቶ ይጻፉ። ከመለጠፍዎ በፊት ይጻፉበት፤ ከተበላሸ የሚጣለው ወረቀቱ ብቻ ይሆናል።